ትልቁ ስኮርታ የት ይቀመጥ?



የዚህ የሹፌሮችና የጋራዥ ባለሙያዎች ስብሰባ አዘጋጆች ቃሊቲ መጥተህ ስለ መኪና ደኅንነት ንገረን ብለው ሲጋብዙኝ የርዕሱን ምርጫ ለእኔ ተዉልኝ። ስለ ፍሬን መናገር ይቻል ነበር፤ ስለ መሪም እንዲሁ። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር ነው፤ ስለ ስኮርታ፣ ስለ ትርፍ ጎማው። ያውም ከፋብሪካው መጠን ስለሚበልጠው፣ በላንድክሩዘሩ፣ በፕራዶው፣ በፓትሮሉና በሃይሉክሱ ላይ እየተጫነ ሩቅ አገር ስለሚሄደው ትልቅ ስኮርታ።

ይህን ርዕስ ለቃሊቲ ያመጣሁት በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አርባ ምንጭና ኦሞ፣ በአዋሽ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርደው መኪና ብዙው በዚህ በኩል ይወጣል። የሹፌር ማሰልጠኛው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው መሪ የጨበጠው በዚህ ሰፈር ነው። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የብየዳ ቤቶችና ጋራዦች ደግሞ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበትን ብረት በየቀኑ ይበይዳሉ። ስለዚህ የምናገረውን ነገር መሥራትም ማስተካከልም የሚችለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን ተሽከርካሪዎች ለረጅም ዘመን ይዘን የመኖር ግዴታ አለብን። ያረጀ ሻንሲና ያረጀ ማጠፊያ ላይ አዲስና ከባድ ጎማ ስንሰቅል ደግሞ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል።

መጀመሪያ መጠኑን እንነጋገር።

ብዙ ፕራዶዎችና ሌሎች የመስክ መኪናዎች የሚጫሙት 265/70 አር 16 ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 777 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ መኪናው ከፍ እንዲል፣ ድንጋይ እንዲዘልቅ፣ መረሬ ጭቃ ውስጥ እንዳይቀር ይፈልግና 285/75 አር 16 ያስገባል። ይህኛው 834 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ መኪናውን ወደ ላይ የሚያነሳው ግማሹ ብቻ፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያም የባሰ የሚፈልግ 315/75 አር 16 ይገዛል፤ እሱ 879 ሚሊ ሜትር ነው።

ክብደቱስ? የፋብሪካው ጎማ ከነብረት ቸርኬው 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትልቁ ከነቸርኬው ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፤ አንዳንዱም ያልፋል። እግሩ ላይ የገባው ሲበልጥ የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል፤ 80 ብሎ ሲያሳያችሁ እናንተ በ86 እየሄዳችሁ ነው። ይህን ብዙ ሹፌር ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አምስተኛው ነው።

አራቱን ለውጦ አምስተኛውን አሮጌ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ጎማ ውድ ነው፤ ይገባኛል። አራት ትልልቅ ጎማ የገዛ ሰው «ስኮርታው ለክፉ ቀን ነው፤ የፋብሪካው ይበቃል» ይላል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 777 ሚሊ ሜትር የሆነው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 410 ጊዜ ያህል ይዞራል። 834 የሆነው 382 ጊዜ ይዞራል። በአንድ አክስል ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ካደረጋችሁ በየኪሎ ሜትሩ የ28 ዙር ልዩነት አለ። ያንን ልዩነት የሚውጠው ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻል የተሠራው መታጠፊያ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንዲሠራ ነው፤ ከጂንካ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ሳያርፍ ሲፋጭ ግን ዘይቱ ይግላል፣ ጥርሱ ይበላል።

ፕራዶና ላንድክሩዘር ቪ8 የሚነዱ ወንድሞች ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለባቸው። የእነሱ መኪና ሁልጊዜ በአራቱም እግሩ ነው የሚገፋው፤ የመሃል ዲፈረንሻልም አለው። ያልተመጣጠነውን ጎማ ፊትም አድርጉት ኋላም፣ የሚያርፍ ነገር የለም። ሃርድቶፕና ፒክአፕ የሚነዳ ሰው ፎር ዊሉን ፈትቶ በኋላ እግር ብቻ መሄድ ስለሚችል ትንሽ መላ አለው፤ ትንሹን ስኮርታ ፊት ያስገባል፣ እኩል የሆኑትን ሁለቱን ኋላ ያደርጋል፣ ፎር ዊል ሳይነካ ቀስ ብሎ እስከሚቀጥለው ከተማ ይደርሳል። ግን አስቡት፤ ጎማው የፈነዳው ፎር ዊል የግድ በሚያስፈልግበት አሸዋ ውስጥ ቢሆንስ? መስክ ላይ ጎማ የሚጎዳው በብዛት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቃሌ ይህ ነው፤ አምስተኛው ከአራቱ እኩል ይሁን። አምስት መግዛት ካልቻላችሁ አራቱንም አትግዙ፤ በፋብሪካው መጠን ቆዩ። ይህን ስል ለገንዘባችሁም ለሕይወታችሁም አስቤ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር። ወደ ዳናክል የሚወርዱ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ተከታትለው ነው የሚሄዱት። እዚያ ኤርታ አሌ አካባቢ ያለው የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ የጎማውን ጎን ይሰነጥቃል። ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ በጎሚስታ አይድንም። እዚያ አንዱ ሹፌር ስኮርታውን ሲጨርስ ከጓደኛው ይዋሳል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ካደረጉ፣ አምስት መኪና አብሮ ሲጓዝ አምስት የጋራ ስኮርታ አለ ማለት ነው። አንዱ ለብቻው ትልቅ ጎማ ካደረገ ግን የጓደኞቹ ስኮርታ አይሆነውም፤ የእሱም ለማንም አይሆንም። ለምሳሌ 7.50 አር 16 የሚባለው የጎማ መጠን የቀላል ጭነት መኪናም ስለሆነ ክፍለ ሀገር ከተማ ውስጥ ጠይቃችሁ ልታገኙ ትችላላችሁ። ባለ 879ኙን ግን ለማግኘት ወደ መርካቶ ስልክ መደወል ነው። እኔ ሩቅ ለሚሠራ ሹፌር ምከር ብባል፣ ከፋብሪካው መጠን አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ይበቃዋል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው ችግሩን ራሱ ገዝቶ ነው የሚጓዘው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንሂድ። ይህ 40 ኪሎ የት ይቀመጥ?

ሃይሉክስና ቪ8 ስኮርታቸው ከሥር ነው፤ በሰንሰለት ወደ ላይ ተስቦ ከሻንሲው መሃል ይታሰራል። ለፋብሪካው ጎማ ይህ መልካም ቦታ ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ከዓይንም የተሸሸገ ነው። ትልቁ ጎማ ሲመጣ ግን ቦታው ይጠበዋል። ወይ አንድ ጠርዙ ከማርሚታው ጋር ይነካካል፣ ወይ ከባምፐሩ ሥር አጋድሎ ይንጠለጠላል። ማርሚታ የነካ ጎማ በሙቀት ይበላሻል። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ ከወንዝ ስትወጡ ዳርቻውን ይመታና ሰንሰለቱን ይበጥሳል። በሰንሰለት የታሰረ ነገር መጥበቅ አለበት፤ በእጃችሁ ገፍታችሁ ከተነቃነቀ አልታሰረም። መጠኑ ካልገባ ገፍታችሁ አታስገቡት፤ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።

ፖርቶመጋላ ላይ የሚጭኑም አሉ። እኔ ይህን አልደግፍም። ጀሪካን፣ ድንኳን፣ ሻንጣ እዚያው ላይ አለ፤ በዚያ ላይ 40 ኪሎ ሲጨመር መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ደግሞም ማን ያወርደዋል? አፋር ውስጥ በቀትር ፀሐይ፣ ብቻውን የሆነ ሹፌር ከራሱ ቁመት በላይ ያለ ጎማ ሲያወርድ እጁ ቢከዳው ጎማው የሚያርፈው ደረቱ ላይ ነው። ፒክአፕ ያለው ሰው ከካቢኑ ኋላ በጭነት ቦታው ውስጥ አቁሞ ወይም አስተኝቶ ቢያስረው ከሁሉም ይሻላል፤ የጭነት ቦታ ይወስድበታል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ብዙ መቆየት የምፈልገው በኋላ በሩ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጉዳት ያየሁት እዚያ ነው።

ፕራዶ፣ ሃርድቶፕ፣ ቪታራ ስኮርታቸውን የሚሸከሙት በኋላ በር ነው። ያ በር፣ ያ ማጠፊያ፣ ያ ቆርቆሮ የተሰላው ለፋብሪካው ጎማ ነው። እስቲ ትልቅ ጎማ ተሸክሞ አንድ ሁለት ክረምት የሠራ መኪና ጀርባ ሄዳችሁ ቁሙ። ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ያለውን ቀለም በጣታችሁ ዳብሱት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታገኛላችሁ። ከስንጥቁ ወደ ታች ዝናብ ያወረደው ቡናማ የዝገት መስመር አለ። በሩን ስትከፍቱት በአንድ በኩል ወደ ታች ይወድቃል፤ ለመዝጋት በጉልበታችሁ ወደ ላይ ደግፋችሁ ነው የምትገፉት። ከተዘጋ በኋላም የመቆለፊያው ምላስ ከመያዣው ጋር ልክ አይገጥምም፤ በሩ ላይ ያለው ማሸጊያ ላስቲክም በላይኛው ጥግ ክፍት ይሆናል። የፒስታው አቧራ በዚያች ክፍተት ይገባና የተሳፋሪውን ሻንጣ ነጭ ያደርገዋል። ሹፌሩ አቧራው ከየት እንደሚገባ ግራ ገብቶት መስኮት ሲያስፈትሽ ይከርማል። መነሻው ግን በበሩ ላይ ያለው ጎማ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? አንድ ሙሉ ጀሪካን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ያዙ፤ ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ ያንኑ ያዙ። ክብደቱ አልተለወጠም፤ ክንዳችሁ ግን ይንቀጠቀጣል። ሰፊ ጎማ ከበሩ ወደ ውጭ የበለጠ ይወጣል። ስለዚህ ማጠፊያው የሚሸከመው የተጨመረውን 10 ኪሎ ብቻ አይደለም፤ የራቀውንም ርቀት ነው። ፒስታ ላይ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያ ጭነት ደጋግሞ ይመታዋል። ብረት በአንድ ምት አይሰበርም፤ በሺህ ትንንሽ ምት ይደክማል።

ደግሞም ትልቁ ጎማ ታርጋና መብራት ይሸፍናል፣ የኋላ መስታወቱን ግማሽ ይዘጋል፣ ካሜራ ያለው መኪና ከሆነ ካሜራውን ይጋርዳል። በምሽት የፍሬን መብራታችሁ የማይታይ ከሆነ ከኋላችሁ ያለው ሲኖትራክ እንዴት ያውቅ? በቱሉ ዲምቱ በኩል ፈጣኑ መንገድ ላይ ስትወጡ ደግሞ የላላ ስኮርታ ቢወድቅ በፍጥነት የሚመጣ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው 40 ኪሎ ጎማ ነው። ይህ የባለ መኪናው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ጉዳይም ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ክብደቱን ከበሩ ላይ አንስቶ ወደ ሻንሲው ማውረድ ነው። ከባምፐሩ ጋር ተያይዞ እንደ መዝጊያ ወደ ጎን የሚከፈት መሸከሚያ አለ፤ ውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣም አለ፣ እዚሁ ቃሊቲ ውስጥ ሊሠራ የሚችልም ነው። እናንተ በያጆች እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

የመሸከሚያው ምሰሶ የሚዞርበት ቦታ በቅባት የሚሠራ ኩሽኔታ ይኑረው። የተጎታች አክስል ጫፍ ከነኩሽኔታው ለዚህ ሥራ በጣም ይሆናል፤ ለክብደት የተሠራ ነውና። በቧንቧ ውስጥ ቧንቧ ሰክታችሁ የምትሠሩት ግን በጥቂት ወር ውስጥ ይላላል። ምሰሶው የሚያርፍበት ባምፐር ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከሁለቱ የሻንሲ ጫፎች ጋር በወፍራም ላሜራ ተያይዞ በቡሎን ይታሰር። የቡሎኑን ራስ እዩት፤ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ከሌለው አታስገቡት። በሻንሲው ላይ ዝም ብሎ ብየዳ መጣልን እቃወማለሁ፤ ሙቀቱ ብረቱን ያዳክመዋል፣ ስንጥቁም ከብየዳው ጎን ይጀምራል። መቆለፊያው በላስቲክ ላይ ተጭኖ የሚዘጋ ይሁን፤ ብረት በብረት ሲንኳኳ ይበላላል። ሲከፈት የሚይዘው ድጋፍ ደግሞ አይዘንጋ። ዳገት ላይ መኪናው አጋድሎ ቆሞ ያ ከባድ ክንድ በራሱ ሲዘጋ ጣት ይቆርጣል።

መሸከሚያው ራሱ 40 ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ከ40 ኪሎ ከሚያልፍ ጎማ ጋር 85 ኪሎ እንበል። የሃርድቶፑ ባለ አምስት በሩ ላንድክሩዘር 76 ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ 85 ኪሎ ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ከ20 ርቆ ቢንጠለጠል፣ በኋላ እግሩ ላይ የሚጨመረው 122 ኪሎ ነው። ከፊት እግሩ ላይ ደግሞ 37 ኪሎ ይነሳል። ይህ ማለት መሪው ይቀላል፣ የፊት ጎማው ዳገት ላይ የሚይዘው ይቀንሳል፣ የኋላው ባሌስትራ ይተኛል። ስለዚህ መሸከሚያ ከሠራችሁ በኋላ ባሌስትራውን አሳዩ፤ ጭነቱንም ወደ ፊት አምጡት። ከኋላ ሁለት ጀሪካን ነዳጅ የመጨመር ፈተና ይመጣል። አትጨምሩ።

የጥንቱ ላንድሮቨር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም የታየው፣ በኋላ ዘመን ስኮርታውን ኮፈኑ ላይ አስተኝቶ ሲሄድ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ጥቅሙ አሁን ይገባናል፤ ክብደቱ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ፊት ላይ ነበር። ጉድለትም ነበረው፤ የሹፌሩን እይታ ይጋርዳል፣ ኮፈኑም ይከብዳል። ግን ክብደቱ ጥሩ ቦታ ላይ ነበር፤ እኛም የክብደትን ነገር እናስብበት።

ቀጥሎ ስለ ማንሳት። ትልቅ ጎማ ሲኖራችሁ ክሪኩም መለካት አለበት። አክስሉ 28 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ከፋብሪካው ጋር የመጣው ክሪክ ሙሉ ተዘርግቶም የተነፋውን ትልቅ ጎማ ለማስገባት የሚበቃ ክፍተት ላይሰጥ ይችላል። ይህን መስክ ላይ ሳይሆን ጋራዣችሁ ደጃፍ ላይ ሞክሩት። ወፍራም ጣውላ ከክሪኩ ሥር ለማድረግ ሁልጊዜ ያዙ፤ አሸዋና መረሬ ክሪክ ይውጣሉ። ጎማውን ወደ ቡሎኖቹ ለማንሳት ጀርባችሁን አታጉብጡ፤ የአካፋውን ስለት ከጎማው ሥር አስገብታችሁ እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ቀዳዳውን ከቡሎኑ ጋር ታገናኛላችሁ። አቅም የሌለው ሰውም በዚህ መንገድ 40 ኪሎ ያስገባል። ከገባ በኋላ ዳዶውን በመስቀል አጥብቁ፤ ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ወርዳችሁ ደግማችሁ አጥብቁ።

ስኮርታ የሚሞተው ሳይሠራ ነው። ፀሐይ ይበላዋል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። በጎኑ ላይ ዶት ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዘመኑ ያለፈ ጎማ በሻጭ እጅ ሲመጣላችሁ ያንን አኃዝ አንብቡ። ስኮርታውን ለዓመታት ሰቅላችሁ ከምትተዉት ከአራቱ ጋር እያፈራረቃችሁ አሽከርክሩት፤ አምስቱም እኩል ያልቃሉ፣ መጠናቸውም አይለያይም። ነፋሱንም ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ መቀነስ መስክ ላይ ይቻላል፣ መሙላት ግን መሣሪያ ይጠይቃል። ቫልቩም እጅ በሚደርስበት በኩል ይሁን፤ የማይደረስበት ቫልቭ ማንም አይለካውም።

ከአሳሌ የጨው ሐይቅ የምትመለሱ ወንድሞች ደግሞ መኪናችሁን ከላይ ብቻ አታሳጥቡ። ጨው የሚበላው ሰንሰለቱን፣ ማጠፊያውን፣ የመሸከሚያውን ኩሽኔታ ነው። በንጹሕ ውኃ ከሥር በደንብ ታጥቦ፣ ኩሽኔታው አዲስ ግሪስ ይግባበት። በጨው የዛገ ሰንሰለት ከላይ ደህና መስሎ ሳለ አንድ ቀን ድንገት ይበጠሳል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እለምናችኋለሁ። ስኮርታችሁን አውርዱት። ከአንዱ እግር ጎን አቁማችሁ በሜትር ለኩት፤ ቁመቱ እኩል መሆኑን እዩ። ነፋሱን ለኩ፣ አራቱን አኃዝ አንብቡ። ከዚያ የተሰቀለበትን ማጠፊያ ወይም ሰንሰለት በእጃችሁ ዳብሱ። ስንጥቅ ያገኛችሁ እንደሆነ ተሳፋሪ ሳትጭኑ በፊት ወደ ጋራዥ አምጡት፤ እናንተ የጋራዥ ባለሙያዎችም «እስከሚቀጥለው ጉዞ ይደርሳል» ብላችሁ አትመልሱት።

 ጥያቄ ያለው ሰው አሁን ይጠይቀኝ።